ማዕረጌ ተነብቦ እስኪያልቅ

ይህ የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከነነቁጡ እውነት ነው። አንዲት ቃል ብጨምርበት ብዕር የያዘው ክንዴ እንደ ሸንበቆ ይድረቅ፤ አንዲት ቃል ብቀንስበት ደግሞ እስከ ሰባት ትውልድ በስሜ የሚጠራ አይኑር። በሦስት ወንዞች ፊት ምዬበታለሁ። ሁለቱ ወዲያው አምነውኛል፤ ሦስተኛው ክረምት እስኪገባ ታገሠኝ ብሎኛል። ጉራ ነው እንዳትሉኝ። ጉራ የማያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ፤ አንደኛው እኔ ነኝ፣ ሁለተኛውን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ፈልጌ አላገኘሁትም።

የአገሩን ስም አልጽፍም። ፈርቼ አይደለም፤ እኔ የምፈራው ነገር ገና አልተወለደም። በዚያ አገር ስም መጥራት የማዕረግ አንባቢዎች ሥራ ስለሆነ ነው፤ የሰው እንጀራ አልነካም።

እኔ ሐኪም ድልአርጋቸው ነኝ። በከተማችን አሥራ አንድ ሐኪሞች ነበሩ። አሥሩ እኔ እስክደርስ ታማሚውን የሚያጫውቱ ናቸው ማለት ይቻላል።

አሁን ስለ አንድ ልማዳችን ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም። በእኛ ዘንድ ሐኪም ቢላ ከማንሳቱ በፊት ማዕረጉ ጮክ ተብሎ ይነበባል። አንድ ሰው ባዳነ ቁጥር የዳነው ሰው ቤተሰብ አንድ ማዕረግ ይጨምርለታል። የተጨመረ ማዕረግ አይዘለልም፤ መዝለል የዳነውን ሰው መልሶ ማሳመም ነው ይባላል። ጀማሪ ሐኪም ሁለት ሦስት ማዕረግ ይኖረዋል፤ አንባቢው ትንፋሹን ሳይሰበስብ ቢላው ሥራ ጀምሯል። የእኔ መቶ አሥራ አራት ነበር። «የሆድ ዕቃ እልፍኝ አስከልካይ፣ የአጥንት አጋፋሪ፣ ትኩሳትን በጉልበቱ ያስኬደ፣ ሞትን ሦስት ዓመት ደጅ ያስጠና...» እያለ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ጀርባው ላይ እባጭ የወጣበት ሰው አመጡልኝ። ማዕረጌ ሲነበብ እባጩ በራሱ ጊዜ በስሎ፣ ፈንድቶ፣ ደርቆ፣ ጠባሳ ሆነ። በዚህም «ሳይነካ ፈዋሽ» የሚል ተጨመረልኝ። መቶ ሦስተኛው እሱ ነው።

ታማሚው የእንቅልፍ ጽዋ የሚጠጣው ንባቡ ሊጀመር ሲል ነው። ነቅቶ የሐኪሙን ታላቅነት የሚሰማ ታማሚ በድንጋጤ ሊሞት ይችላል ተብሎ ይፈራል። ጽዋው የተለካው በቅድመ አያቶቻችን ዘመን ነው፤ በዚያን ጊዜ የታወቀው ትልቁ ሐኪም አምስት ማዕረግ ነበረው።

ጓንጉልን ያመጡልኝ እንግዲህ በዚህ መሐል ነው።

ጓንጉል ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ከተማው ከሚጠጣው ውኃ ግማሹን ከመሬት ሆድ ያወጣው እሱ ነው። ድንጋይ ሲያነሳ ቡአ ወጥቶበት ብሽሽቱ እንደ ሎሚ አብጧል። ለእኔ እንዲህ ያለው ነገር ሥራ አይባልም፤ ማዛጋት ነው። ሚስቱ ወይዘሮ እታፈራሁ እስከ በሩ ደግፋው መጣች፤ ከበሩ ወዲህ ቤተሰብ አይገባምና እዚያው ቀረች።

«ሐኪም» አለኝ አልጋው ላይ እንደተጋደመ፣ «ጉድጓድ ስወርድ ገመዱን የምትይዘው እሷ ናት። እዚህ አትግቢ አሏት።»

«እኔ አለሁልህ አይደል እንዴ!»

«አይ፣ እሷ እኮ ዝም ብላ ነው የምትይዘው። እርስዎ ወሬ ይወዳሉ ይባላል።»

ይህን ያለኝ ለሞቱ ሩብ ቀን ሲቀረው ነው፤ ስለዚህ ይቅር ብዬዋለሁ።

አስታማሚዬ ትሁኔ ጽዋውን ሰጠችው። ትሁኔ ትንሽ ተናጋሪ፣ ብዙ ተመልካች ሴት ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመት አብራኝ ስትሠራ አንድም ጊዜ አላጨበጨበችልኝም። አንባቢው ጉሮሮውን በማር አለስልሶ ጀመረ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ስድስት መቶ ሰው ነበር ቢባል ቀነሳችሁ እላለሁ። ስልሳ አንደኛው ማዕረግ ላይ ሲደርስ ጓንጉል አንድ ዓይኑን ገለጠና፣

«ገና ነው እንዴ?» አለ።

ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን ልቤ ተነካ።

ትሁኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ሐኪም፣ ሰውዬው ነቅቷል። የቀረው ከስፌቱ በኋላ ይነበብ። ወይም ዛሬ ይቅር፣ ነገ እንሥራው።»

«ማዕረግ በግማሽ አይቆምም።»

«ታዲያ ሁለተኛ ጽዋ ሊሰጡት ነው? በአንድ ቀን ሁለት ጽዋ የሚችል ሰው የለም።»

«እሱ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው» አልኳት፤ «ጥልቀት ለምዷል።»

ከኋላ ያሉት አልሰሙኝም ይሆናል ብዬ ደግሜ ጮክ አድርጌ ተናገርኩት። በጣም ተሳቀ። ጽዋውን ትሁኔ አልሰጥም ስላለች በገዛ እጄ አጠጣሁት።

መቶ አሥራ አራቱም ተነበቡ። ከዚያ ቆረጥሁ፣ መለስሁ፣ ሰፋሁ። ስፌቱን ሊያዩ የከተማው ልብስ ሰፊዎች ተሰልፈው ገቡ፤ ሦስቱ ከቅናት የተነሣ መርፌያቸውን ጥለው ግብርና ጀመሩ። ጓንጉል ግን አልነቃም። ትሁኔ ጉንጩን መታ መታ አደረገችው፤ ስሙን ጠራችው፤ መስታወት አፍንጫው ላይ ያዘችለት።

«ሐኪም፣ ትንፋሽ የለውም።»

«ስፌቱ ተፈትቷል?»

«አልተፈታም።»

«እንግዲያው ሥራው ተሳክቷል» አልኩና መዝገቡ ላይ እንደዚያው ጻፍሁ። ዝቅ ብዬ «ሁለት ጽዋ» ብዬም ጻፍሁ፤ ያን ጊዜ እጄ ገና መዋሸት አልለመደም ነበር።

እዚህ ላይ ሌላውን ልማዳችንን መንገር አለብኝ። ሰው በሐኪም እጅ ሲሞት ሐኪሙ ወደ ሟች ቤት ሄዶ፣ ደጁ ላይ ቆሞ፣ እንዴት እንደሞተ በገዛ አፉ ይናገራል። ይህ የደጅ ቃል ይባላል። የደጅ ቃል እስኪሰማ ድረስ የመቃብሩ ድንጋይ ባዶ ነው። ሐዘንተኛዋ ሚስት ከሆነች ጥቁሯን አታወልቅም፣ ሠርግ ቤት አትገባም። ጎረቤትም ሟቹን በስሙ አይጠራውም፤ «ያ ሰውዬ» ነው የሚለው። ሞቶ ያልሞተ፣ ኖሮ ያልኖረ ሆኖ ይቀመጣል።

እኔ ልሄድ ተነስቼ ነበር። ይህ ይመዝገብልኝ። አንድ እግሬን ጫማ አድርጌ ሁለተኛውን ስፈልግ ትሁኔ ገባች።

«እትዬ እታፈራሁ ልካኛለች። ‹ጓንጉል ምን ሆኖ ሞተ? መጥተው ይንገሩኝ› ብላለች።»

ይህን ስትል አፈ ዝምታ ወንድይፍራው ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ሁለተኛ ጫማዬን ይዞ በር ላይ ቆሟል።

አፈ ዝምታ ማለት የቤተ ዝምታ አለቃ ነው። ቤተ ዝምታ ደግሞ የተከሰሱ ሐኪሞችን የሚጠብቅ ቤት ነው። በመንገድ በኩል መስኮት የለውም፤ በጓሮ በኩል ደግሞ በር የለውም። ወንድይፍራው በከተማው ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ብዙ የሚያወራ ሰው ነው፤ ዝምታን የሚያስተምር ሰው ራሱ ዝም ካለ ማን ይሰማዋል?

«ጠየቀችህ?» አለኝ።

«ጠየቀችኝ።»

«ዝም በል! ይኸው ሳታውቀው መልስ ሰጠህ። ወንድሜ፣ በሕጋችን ስለ ሞተ ሰው ለሐኪም የሚቀርብ ጥያቄ ክስ ይባላል። ተከሰሃል። ከአሁን ጀምሮ ሦስት ነገር አታደርግም። ደጇ አትሄድም፣ አዝናለሁ አትልም፣ መዝገቡን አትነካም።»

«ማዘንስ ይፈቀድልኛል?»

«በውስጥህ። ፊትህ ላይ እንዳይወጣ ግን አደራ። ባለፈው ዓመት አንድ የጥርስ ሐኪም ቅንድቡ ብቻ አዝኖ ተፈረደበት።»

«ሴትዮዋ እኮ የደጅ ቃል ካልሰማች ጥቁር እንደለበሰች መቅረቷ ነው።»

«እሱ የእሷ ሕግ ነው፤ ይሄ የእኛ ሕግ ነው። ሁለት ሕግ አንድ ደጅ ላይ ከተገናኘ አገር ይፈርሳል» አለና ጫማዬን ብብቱ ሥር ወሸቀው። እስከዛሬ አልመለሰልኝም።

ትሁኔ እዚያው ቆማ ነበር። «እና ምን ልበላት?» አለች።

«ምንም» አለ ወንድይፍራው።

«ምንም ብለዋል ልበላት ወይስ ምንም አላሉም?»

ወንድይፍራው ይህን ለመወሰን ሰባት ሽማግሌ ሰበሰበ። ለአሥራ አንድ ቀን መከሩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተተኪ አዛኝ እንዲላክላት ተወሰነ።

ተተኪ አዛኝ ሐኪሙን ተክቶ የሚያዝን ባለሙያ ነው። የሚናገረው እያንዳንዱ ቃል በቤተ ዝምታ ሚዛን ተመዝኖ ነው የሚሰጠው፤ ከበደ የተባለ ቃል ይወጣል። «ሞት» ከበደ፤ ወጣ። «ጓንጉል» ከበደ፤ ወጣ። «ይቅርታ» ሚዛኑን ሰበረው፤ ሌላ ሚዛን እስኪመጣ ወር ፈጀ። በመጨረሻ ያለፈው ይህ ነው፦ «በሆነው ነገር፣ ሆኖ ከሆነ፣ ሊሰማ የሚገባው ስሜት ሊሰማቸው በሚገባቸው ወገኖች ዘንድ ተሰምቷል።» ከዚህ የበለጠ ቀላል ዓረፍተ ነገር በዓለም አልተጻፈም። ወረቀቱን ሲለቁት ተንሳፈፈ።

አዛኙ ደጇ ላይ ቆሞ አነበበው፤ እንደ ደንቡም አለቀሰ። ወይዘሮ እታፈራሁ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ሐኪሙ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም፣ እመቤቴ።»

«ጓንጉልን ታውቀው ነበር?»

«ማንን?»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?»

«ሥራዬ ነው።»

«በል ውኃ ጠጣ፤ ጉሮሮህ ደርቋል» አለችና ጓንጉል ከቆፈረው ጉድጓድ ቀድታ ሰጠችው። ሰውዬው ውኃውን ጠጥቶ፣ ሲመለስ መንገድ ላይ የምሩን አለቀሰ። ቤተ ዝምታ ወዲያው ከሥራ አሰናበተው፤ የምር ዕንባ እንደ እምነት ቃል ይቆጠራል።

ለመሆኑ መዝገቡስ አትሉም? አትንካ ተብዬ ነበር፤ ነገር ግን እንደ እኔ ያለ ሰው አትንካ የተባለውን ካልነካ ምኑን ሰው ሆነ? አንድ ቀን ብዕሬን አሹዬ «ሁለት» የሚለውን ፍቄ «አንድ» አደረግሁት። በማግሥቱ ቀለም ቀማሹ መጣ። ይህ ሰው መዝገብ ይልሳል፤ ቀለሙ መቼ እንደተጻፈ በምላሱ ያውቃል። ገጹን ላሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ አጣጣመ።

«ይህች ቃል ገና ጥርስ አላወጣችም» አለ።

ወንድይፍራው ራሱን ያዘ። «ምን አደረግህ ወንድሜ! እውነቱ ተጽፎ ቢቀር እኮ እንከራከርበት ነበር። ውሸትን ግን በምን እንከራከርለታለን?»

ስለዚህ ገጹ ወጣ። ገጹ ሲወጣ መዝገቡ ጎደለ፤ መዝገቡም ወጣ። መዝገቡ ሲወጣ የዚያ ዓመት መዝገቦች ቁጥር ስለተዛባ የዓመቱ መዝገቦች በሙሉ ምስጥ በላቸው ተባለ። ምስጥ ከቆላ በጋሪ ተጫነ። ምስጦቹ አንድ ሁለት ገጽ ቀምሰው እምቢ አሉ፤ ስለዚህ ስምንት ጸሐፊዎች ተቀምጠው በጥፍራቸው እየቦጨቁ የምስጥ ጥርስ አስመሰሉ። በዚያ ዓመት የተወለዱት ልጆች ዛሬ ድረስ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ምስጥ በላው» ይላሉ። ጓንጉልም እንደዚሁ። የሞተበት ዓመት ስለሌለ፣ መሞቱም ቀረ።

ከዚያ ሸንጎ ተሰየመ።

በሸንጎው ከሳሽ ይጠይቃል፣ ሐኪም ዝም ይላል፣ አሸዋ እያፈሰሱ የዝምታውን ርዝመት የሚለኩ ዳኞች አሉ። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ንጽሕናው ይበዛል። ከእኔ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን ሁለት ቀን ተኩል ነበር። እኔ ዘጠኝ ቀን ዝም አልሁ። እኔ! አገሩ በሙሉ ተደነቀ፤ እናቴ በሕይወት ብትኖር የእኔ ልጅ አይደለም ባለች ነበር።

ወይዘሮ እታፈራሁ ጥቁሯን ለብሳ ከፊቴ ቆመች። አልጮኸችም። ቢጮኹብኝ እኔም የምመልሰው አላጣም ነበር፤ ግን አልጮኸችም።

«ሐኪም፣ ሲሞት አመመው?»

ዝም።

«ስሜን ጠርቶ ነበር?»

ዝም።

«እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ሰው የሚስቅበት ቤት ውስጥ ሰው አይሞትም ብዬ ተጽናናሁ። ምን ነበር የሚያስቃቸው?»

ዝም።

«እሺ፤ የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

አውቀው ነበር። «ገና ነው እንዴ?» ነበር ያለው። በየትኛውም ሚዛን ቢመዘን ከላባ አይከብድም። አፌ ውስጥ ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበር። ወንድይፍራው ኮቴን ጎተተኝ። አሸዋው ይፈስሳል፣ ዳኞቹ ይጽፋሉ። ዝም አልሁ። በዘጠነኛው ቀን እሷ መጠየቋን አቆመች፤ እኔ ግን ክብረ ወሰኑን ለማስፋት እስከ ማታ ዝም አልሁ።

ፍርዱ እንዲህ ተነበበ፦ «ጓንጉል የሚባል ሰው መሞቱ አልተረጋገጠም፤ መኖሩም አልተመዘገበም። ሞቶ ከሆነ ግን በራሱ ነው።» ከዚያ ለእኔ መቶ አሥራ አምስተኛ ማዕረግ ተጨመረልኝ፦ «አፉ የማይደፈር»። ሕዝቡ አጨበጨበ። ወይዘሮ እታፈራሁ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጅ ነስታ ወጣች። ለማን እጅ እንደነሳች አላወቅሁም፤ ለእኔ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ዓመት አለፈ፤ ዓመት ሄደ። ጥቁሯ ሲነጣ ገበያ ወጥታ ቀለም ትገዛና መልሳ ትነክረው ነበር። አንዳንድ ጊዜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ፊት ለፊት እንገጣጠማለን። ቆማ ታየኛለች፤ እኔም ሽንኩርት ልመርጥ ጎንበስ እላለሁ። በእነዚያ ዓመታት የመረጥኩት ሽንኩርት አንድ ጦር ሠራዊት ይቀልባል። የጓንጉል ገመድ ደጇ ላይ ተጠምጥሞ ቀረ፤ የሟች ዕቃ ከደጅ ቃል በፊት አይነካምና። ጉድጓዶቹን የሚጠርግ ሲጠፋ ውኃው ደፈረሰ፤ ሰው እየታመመ ወደ እኔ መጣ፤ ማዕረጌ በዛ።

ይብስ ብሎ ሌሎቹ ሐኪሞች ከእኔ ተማሩ። ማን ከእኔ የማይማር አለ? ሁሉም ደጅ መሄዱን ተወ። በመጀመሪያው ዓመት መንደራችን ውስጥ አምስት ጥቁር ለባሽ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቆጥሬ ደከመኝ። በአራተኛው ዓመት በከተማው ጎዳና ነጭ የሚለብሰው ሐኪም ብቻ ነበር። ሠርግ ቤት የሚገባ ሰው ስለጠፋ ሙሽሮች እርስ በርሳቸው ይዘፍኑ ጀመር። የድንጋይ ጠራቢዎች ባዶ ድንጋይ ይሸጣሉ፤ መቃብሩን ያየ ሰው ገና ያልተያዘ ቦታ ይመስለዋል።

እኔም የሆነ ነገር ሆንሁ። አንባቢው ማዕረጌን ሲያነብ ስልሳ አንደኛው ላይ ሲደርስ ጆሮዬ ላይ አንድ ድምፅ ይመጣል። «ገና ነው እንዴ?» ይላል። ዞር ብዬ አያለሁ፤ ታማሚው ተኝቷል። ጎንበስ ብዬ ከአልጋው ሥር እፈልጋለሁ። ሰዎች የጥበብ ፍለጋ ነው ይሉታል።

በመጨረሻ፣ አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባዶ እግሬን ተነሳሁ። «የት ነው?» አሉኝ። «ደጇ ነው» አልኳቸው። ከተማው ተንጫጫ። አርባ ሺህ ሰው ተከተለኝ፤ ከተማው ሠላሳ ሺህ ሰው ነው ያለው፤ የቀረው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ወንድይፍራው እግሬ ላይ ተጠመጠመ። እየጎተትሁት ሦስት ሰፈር አለፍሁ። «ዓረፍተ ነገር ልስጥህ! ቀላል ዓረፍተ ነገር አለኝ!» እያለ ይጮሃል። አልሰማሁትም።

ደጇ ላይ ቆምሁ። ወጣች።

«ወይዘሮ እታፈራሁ» አልሁ፣ «እኔ ነኝ። ማዕረጌ ረዝሞ መሐል ላይ ነቃ። ላቁም ብል እችል ነበር፤ ትሁኔም ነግራኝ ነበር። አላቆምሁም። ሁለተኛውን ጽዋ በዚህ እጄ አጠጣሁት። በዚያ ነው የሞተው። አላመመውም። የመጨረሻ ቃሉ ‹ገና ነው እንዴ?› ነበር።»

ከዚያ ሳቀች፤ በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው።

«የእሱ ነው» አለች። «የራሱ ነው! ወጥ እንኳ እስኪወጣ አይታገሥም ነበር፤ ድስቱ አጠገብ ቆሞ ‹ገና ነው እንዴ?› ነው የሚለው።» እያለቀሰች ሳቀች። ጥቁሩን እዚያው ደጇ ላይ አወለቀችው። ጎረቤቱ ሁሉ «ጓንጉል! ጓንጉል!» ብሎ በስሙ ጠራው። ድንጋይ ጠራቢው መዶሻውን አነሳ። ዝናብ ዘነበ፤ የደፈረሰው ጉድጓድ ጠራ፤ ቤተ ዝምታ ከጩኸቱ የተነሣ ግድግዳው ተሰነጠቀ። በከተማው ያሉ ጥቁር ለባሾች ሁሉ ወደየሐኪሞቻቸው ቤት ሄዱና ሐኪሞቹ አንድ በአንድ እየወጡ ተናገሩ። እኔም እሷ ይቅር ብላኝ፣ ማዕረጌን በሙሉ ጥዬ፣ ያለ ምንም ማዕረግ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እንዲህ ሆነ። እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ፤ ግን በአገራችን ታሪክ የጻፈ ሰው ከመጠረዙ በፊት ነገሩ ሲሆን ለነበረ አንድ ሰው ያነብለታል፤ ያ ሰው ያለውንም ሳይነካ ከግርጌው ይጽፋል። ትሁኔን አስጠራኋት። ማስታመሙን ከተወች ቆይታለች። መጣች፤ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላት። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማች።

«ታዲያስ?» አልኳት። «በይ ፈርሚ።»

ብዕሩን አልተቀበለችኝም።

«ጽዋው እውነት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ነበር። ‹ገና ነው እንዴ› ማለቱም እውነት ነው።»

«ሌላውስ?»

«ክስ አልነበረም፣ ሐኪም። እትዬ እታፈራሁ ማንንም አልከሰሰችም። አንድ ጊዜ በእኔ በኩል ጠየቀችዎ፤ እርስዎም ሰምተው በሩን ዘጉ። ሸንጎም አልተቀመጠ። ቤተ ዝምታ የሚባል ቤት እኔ አላውቅም፤ አፈ ዝምታ የሚባል ሰውም አላየሁም። ይሂዱ ብዬ የለመንኩዎ እኔ ነኝ፤ አይሂዱ ያለዎ ሰው አልነበረም።»

«ደጇ ሄጄ የተናገርኩትስ?»

ትሁኔ ቀና ብላ አየችኝ። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«አልሰሙም እንዴ? እትዬ ከሞተች እኮ ሦስት ዓመት ሆናት። ከነጥቁሯ ነው የቀበርናት። እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ጠዋት ጠዋት ደጇን ትጠርግ ነበር፤ ሐኪሙ ሲመጣ የሚቆምበት ነው እያለች።»